ዶክተር አሰግድና የጫልቱ ቀኝ ዓይን

ዶክተር አሰግድ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሴት ልጃቸው ሰላም ናት። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ነው የደወለችልኝ። ገና "ሲስተር" ስትል ከድምጿ ገባኝ። አባቷ በአጭር ሕመም አዲስ አበባ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም ደሴ መፈጸሙን ነገረችኝ። ቀጥላም፣ በመጨረሻው ሳምንት እንኳ የተኙበትን ክፍል ነርሶች ሲያስቋቸው እንደነበር፣ አንዷ መርፌ ልትወጋቸው መጥታ ሳቋ አልቆም ስላላት ወጥታ ተመልሳ እንደገባች አጫወተችኝ። ባጃጁ ሆስፒታሉ በር ሲደርስ አለቅስም እስቅም ነበር። ነጂው ግራ ገብቶት በመስታወቱ ያየኛል።

ዓይን ክፍላችን ገብቼ ወሬውን ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ከዚያ ካርድ የሚያወጡት ኦቦ ለማ አንገታቸውን እንደደፉ፣ ቀስ ብለው፣ "ኢጃጂ" አሉ። በዚያች አንድ ቃል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እንባቸውን በጋዋናቸው እጅጌ እየጠረጉ የሚስቁም ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር አሰግድ የደሴ ሰው ናቸው። ወደ አምቦ የመጡት በተቃውሞው ሳቢያ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ዘመን ነው። ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቁም ነበር፤ እኔ ደግሞ የአምቦ ልጅ ስለሆንኩ ከመጡበት ቀን ጀምሮ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። እሳቸው ግን በአስተርጓሚ መኖርን አልወደዱትም። ሰው ዓይኑን አምኖ ሰጥቶኝ እንዴት በቋንቋው ደህና አደርክ አልለውም ይሉ ነበር። በመጡ ሰሞን ከጉደር የመጡ አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ተቀመጡ። ዶክተር "ኢጃ ኬ"፣ ዓይንህ ለማለት ፈልገው "ኢጃጂ" አሉ። ኢጃጂ ማለት ቁም ማለት ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ቆሙ። ዶክተር ያልተሰሙ መስሏቸው ጮክ ብለው ደገሙት። ሽማግሌው ይበልጥ ቀጥ አሉ። አሁንም ሲደግሙት አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ተነሣች፤ ከኋላ ወረፋ የሚጠብቁትም አግዳሚውን ለቀው ቆሙ። ዶክተር ዞር ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ቆሟል። ባለሥልጣን የገባ መስሏቸው እሳቸውም ብድግ አሉና፣ "ሲስተር፣ ማን መጣ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ከዚያን ቀን በኋላ ኦሮምኛውን እንደ ሕፃን፣ ቃል በቃል፣ ከበሽተኞቻቸው ተማሩት። ስህተታቸውን የሚያርማቸው በሽተኛ ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። እንዲያውም አንዳንዴ ሰዎች ዓይናቸውን ለማሳየት መጥተው ሰዋስው አስተምረው ይመለሱ ነበር።

አጭር ሰው ነበሩ፤ ፊታቸው ክብ፣ ጉንጫቸው የሞላ። ጠዋት ጠዋት አምቦ ስለሚቀዘቅዝ የሰው ፊት ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን አሽተው አሽተው ያሞቁታል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው ፋሻ በሚፈቱበት ጠዋት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ጎን ገለል ይሉና ቤተሰቡን ፊት ለፊት ያቆሙታል። ለምን እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው፣ ሰውዬው ከስንት ጊዜ ጨለማ በኋላ መጀመሪያ የእኔን ፊት ካየ ይደነግጣል አሉኝ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ፋሻቸው ተፈትቶ ሚስታቸውን ትክ ብለው አዩ። ሚስትየዋ ማልቀስ ጀምረዋል። አዛውንቱ ግን፣ "ይህን ሻርፕ ማን ገዛልሽ?" ብለው ጠየቁ። ዶክተር ይህን ጨዋታ ለሳምንታት ያገኙትን ሁሉ ቁጭ አድርገው ይነግሩ ነበር።

እኛም በእሳቸው እንቀልድ ነበር፤ በተለይ በፊታቸው። አንድ ሰሞን ጉንጫቸው ሞልቶ ሲመጣ አምቦ ተስማማዎት እንላቸዋለን። እውነትም ተስማምቶኛል ይላሉ። ምሳችንን አብረን ስንበላ የእሳቸው ወጥ ጨው የለውም። ያላወቀ ከሳህናቸው አንድ ጊዜ ጎርሶ ሁለተኛ እጁን አይዘረጋም። ቁጥብነት ነው እያልን እንስቅባቸዋለን፤ እሳቸውም ምግቤን ከእናንተ የማስጥልበት ዘዴ ይህ ብቻ ነው ብለው አብረው ይስቃሉ።

ጫልቱ የመጣችው በዚያው ዘመን ነው። ጎጆ በምትባለው ከተማ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ በእግር በሚዘወር መኪና ልብስ የምትሰፋ፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ናት። እንጨት ስትፈልጥ ፍላጩ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኗን ቀደደው። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና ቀናት ቆየች። አባቷ ኦቦ ደበላ ይዘዋት ሲደርሱ ዓይኗ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ዶክተር ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብተው ሰፉት። ግን ብርሃኑ አልተመለሰም። ለጫልቱ ይህን ሲነግሯት አልደበቋትም። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ከግራው ይልቅ ስለ ቀኙ ደጋግመው አስጠነቀቋት። ቀኝ ዓይኗን ብርሃን ከወጋት፣ ወይም ጭጋግ ጭጋግ ካላት፣ በዚያኑ ቀን እንድትመጣ ነገሯት። እኔም እየተረጎምኩ፣ ደህናው ዓይን ደግሞ ምን ይሆናል ብዬ በልቤ ተገርሜያለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጫልቱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ የአባቷን ክንድ ይዛ ገባች። የፀሐይ ብርሃን ቀኝ ዓይኗን እንደ መርፌ ይወጋታል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ሰንብታለች። ዶክተር አገጯን መደገፊያው ላይ አስቀምጠው፣ ስሊት ላምፕ በምንለው፣ ቀጭን ብርሃን ወደ ዓይን በሚልከው ማጉያ ማየት ጀመሩ። በሽተኛ ሲያዩ የማንጎራጎር ልማድ ነበራቸው። ያን ቀን እንጉርጉሮው ተቋረጠ። ብዙ ቆይተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝና እንዳይ ምልክት ሰጡኝ። በበር ስንጥቅ በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ አቧራ ሲንሳፈፍ ታውቃላችሁ? በጫልቱ ዓይን ፊተኛ ክፍል፣ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ መኖር ባለበት ቦታ፣ እንዲያ የሚንሳፈፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ። ነጭ የደም ህዋሳት ናቸው። ዓይኗ ተቆጥቷል።

ኦቦ ደበላ ረጅም፣ ቁጥብ የገብስና የድንች ገበሬ ናቸው። ዶክተር ሕመሙን ሲነግሯቸው ድምፃቸውን አላነሡም።

"እርስዎ የነኩት ግራውን ነው" አሉ። "ቀኙን ማን ነካው?"

ይህን ተረጎምኩላቸው። እውነት ለመናገር እኔም መልሱን መስማት እፈልግ ነበር። በመጽሐፎቻችን ስለ ነጭ የደም ህዋሳት ስንማር የሰውነት ወታደሮች እንደሆኑ ነው የተማርነው። ዶክተር ግን ያን ሰሞን አምቦ ውስጥ ወታደር የሚለውን ቃል አንድም ቀን ለበሽተኛ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም። ወንበራቸውን ወደ ኦቦ ደበላ አስጠግተው እንዲህ አሏቸው፤

"የዓይን ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ ተዘግቶ የሚኖር ቤት ነው። በደማችን ውስጥ የሚዞሩት ጠባቂዎች ውስጡን አያውቁትም። የጫልቱ ግራ ዓይን ሲቀደድ በሩ ተከፈተ። እሳት ተነሣ ብለው እንደሚሮጡ ጎረቤቶች ገቡ። ክፋት የላቸውም፤ ሊረዱ ነው የመጡት። ግን በችኮላ እንስራውንም ረገጡ፣ ግድግዳውንም አፈረሱ። ውስጡን ሲያዩት ደግሞ የማያውቁት ሆነባቸው፤ የባዕድ ቤት መሰላቸው። አሁን ያንኑ የሚመስል ቤት በቀኝ በኩል አግኝተዋል።"

"እሳት በሌለበት?" አሉ ኦቦ ደበላ።

"እሳት በሌለበት።"

"ታዲያ ማን ይመልሳቸዋል?"

ዶክተር ከነዚያው ህዋሳት መካከል ሌሎቹን የሚያረጋጉ፣ በቃ ሥራችሁ አልቋል፣ ወደየቤታችሁ የሚሉ እንዳሉ አስረዱ። ዓይን ብዙ ጊዜ የሚድነው በእነሱ ነው፤ እነሱ ዝም ካሉ እርዳታው ራሱ ጉዳት ይሆናል። የጫልቱ አረጋጊዎች ለጊዜው ድምፃቸው አልተሰማም፤ ኪኒኑና ጠብታው የእነሱ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ግርግሩን ያበርዳል አሉ። እኔ አረጋጊዎች የሚለውን "ጃርሶሊ" ብዬ፣ ሽማግሌዎች ብዬ ተረጎምኩት። ኦቦ ደበላ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። በጎጆ ዙሪያ የስንቱን ጠብ ያበረዱ የአገር ሽማግሌ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ልጃቸውን ተመለከቱና ኪኒኑ ይሰጣት አሉ።

መንገዱ በመዘጋቱ ወደ አዲስ አበባ ልንልካት አልቻልንም። ዶክተር እዚያ ላሉ መምህራቸው እየደወሉ ተማከሩ። ኪኒኑ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይቀሰቀስ መጀመሪያ ደረቷን በራጅ አስነሷት። ከዚያ አስተኝተን ማከም ጀመርን። የጫልቱ ዓይን ቀስ በቀስ ጠራ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ስፌት መተቸት ስትጀምር፣ ዶክተር እንጉርጉሯቸውን ቀጠሉ። ኪኒኑን በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ አጥብቀው አስጠንቅቀው ወደ ቤቷ ላኳት።

በቀጠሮዋ አልመጣችም። ለአባቷ ስደውል፣ ፊቷ ስላበጠ ኪኒኑን መተዋንና ከቤት አልወጣም ማለቷን ነገሩኝ። ዶክተር ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ።

መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ድንች ሊጭን ወደ ጎጆ በሚወጣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሦስታችን፣ ሾፌሩ፣ እሳቸውና እኔ፣ ተጣብበን ሄድን። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ዶክተር በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጭንቅላታቸው ጣሪያውን ሲነካ ሾፌሩን በኦሮምኛ ያመሰግኑታል። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከምስጋና ጋር አምታተውት እንደሆነ እስክነግራቸው ድረስ ሾፌሩ በሳቅ ሊገለብጠን ነበር።

ጎጆ ጭጋግ ወርዶባት ነበር። ጫልቱ ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተቀምጣለች። ሰላምታችንንም ሳትዞር ነው የመለሰችው። ገበያ ውስጥ ሰዎች ይህቺ ጫልቱ ናት ወይ ሲባባሉ ሰምታለች። ለመስፋት ልብስ ያመጣች ደንበኛዋ ሳታውቃት ጫልቱ የት ሄደች ብላ ጠይቃታለች።

"ዓይኔን አድናችሁ ፊቴን ወሰዳችሁብኝ" አለች።

የማስረዳትም የመቆጣትም ተራው የዶክተር ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ለመጠጥ ውሃ ለመኑ። ኦቦ ደበላ በጣሳ ሲሰጧቸው ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ፈቱት። ጫልቱ ትታ ያስቀመጠቻቸውን የመሰሉ ነጫጭ ኪኒኖች ነበሩበት። መዳፋቸው ላይ አድርገው ዋጡና በውሃው አወራረዱት።

"ጫልቱ፣ ዞረሽ የእኔን ፊት እይው" አሏት። "እኔም እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም።"

መተርጎም ረሳሁ። አምቦ ተስማማዎት እያልን የቀለድንበት ጉንጭ፣ በኪኒኑ ምክንያት ጨው ያጣው ወጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። እሳቸው ራሳቸው፣ በሚሰባበር ኦሮምኛቸው፣ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው እየተቆጣ እንደሚያስቸግራቸው፣ ሕመሙ እየሄደ እንደሚመጣ ነገሯት። ጫልቱ ዞረች። ሁለቱ ክብ ፊቶች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ደበላ ናቸው፤ ከዚያ እሷ።

"የእርስዎ ፊት ተመልሶ ያውቃል?" ብላ ጠየቀች።

"ያውቃል። ኪኒኑ ሲቀንስ እኔም እቀጥናለሁ። ባለቤቴ፣ አንድ ወፍራም አንድ ቀጭን፣ ሁለት ባል አለኝ ትላለች።"

ኪኒኑን በድንገት መተው እንደሌለባት፣ ከደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ በቀስ እየቀነሱ እንደሚያስጥሏት አስረዷት። ዓይኗን በባትሪና በማጉያ መነጽር አዩት። እንደገና ጭጋግ ጀምሮት ነበር፣ ግን አልዘገየንም። ዋጠች። እሳቸው ያጋመሱትን ጣሳ ተቀብላ ነው የዋጠችው።

ስንመለስ አይሱዙው ውስጥ አፍሬ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር። ገባቸው። ነገሩን ለማንም እንዳልናገር ከለመኑኝ በኋላ፣ "ደግሞ በፊቴ መቀለድ እንዳታቆሚ። ያን ጊዜ ነው የምታመመው" አሉኝ። ቃሌን ጠበቅሁ። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ባሉበት አምቦ ተስማማዎት አልኳቸው፤ እሳቸውም በደስታ ጉንጫቸውን ነፉልኝ።

የጫልቱ ቀኝ ዓይን ዳነ። ኪኒኑን ጨርሳ ለመተው ብዙ ወራት ፈጀባት፤ ፊቷም ተመለሰ። ወደ ስፌት መኪናዋ በተመለሰች በዓመቱ ሁለት ነጭ ጋዋኖች ሰፍታ አመጣችላቸው፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። "ለሁለቱም ባሎች" አለቻቸው። ዶክተር እዚያው ሁለቱንም ደራርበው ለብሰው በሽተኞቹን ሲያዩ ዋሉ። ምስጢሩን የማያውቁት ባልደረቦቻችን ምን ነካቸው እያሉ እኔን ይጠይቃሉ።

የእሳቸው ዓይን ግን እንደ ጫልቱ አልታዘዘም። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በምንሠራበት ዓመት ክፉኛ ተቆጣባቸው። አንድ ጠዋት፣ ቀዶ ሕክምና ከመግባታችን በፊት፣ ሻይ ሲቀዱ ሻዩ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እኔ እጃቸው የተንቀጠቀጠ መስሎኝ ጨርቅ ላመጣ ተነሣሁ። እሳቸው የፈሰሰውን እያዩ ቆዩ። ርቀት መለየት እንዳቃታቸው ያወቁት በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

"ሻይ ከብርጭቆ ውጭ የሚቀዳ ሰው ዓይን መቅደድ የለበትም" አሉ። "ሲስተር፣ ከዛሬ ጀምሮ አልገባም።"

ማንም አላስገደዳቸውም፤ ማንም አላወቀባቸውም ነበር። የዕለቱን በሽተኞች ራሳቸው አንድ በአንድ እያነጋገሩ፣ ሌላ ሐኪም እንደሚሠራላቸው ነገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ባዶው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፑን በሽፋኑ ሲሸፍኑት በበሩ አየኋቸው። ሸፍነው ከጨረሱ በኋላ መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው ቆሙ። አልገባሁባቸውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ በሙሉ መምህር ሆኑ። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ያንጎራጉሩ ጀመር። ልምምድ የሚመጡልን ተማሪዎች ከየአገሩ ናቸው። ዶክተርም የእያንዳንዱን አገር ቋንቋ ሰላምታ ለመማር ተነሡ፤ የተሳሳቱትን እዚህ ብዘረዝር ወረቀት አይበቃኝም።

ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ከአርባ ምንጭ የመጣች አንዲት ዓይናፋር ልጅ ነበረች። ነጭ ህዋሳት በተቆጣ ዓይን ውስጥ ሲንሳፈፉ ማየት አልቻለችም። በማጉያው ታያለች፣ አየሽ ወይ ስትባል ከመጽሐፉ ያጠናችውን ትናገራለች። ዶክተር ገባቸው፤ አላሳፈሯትም። ያን ዕለት እንዲህ ያለ በሽተኛ አልነበረንም። መነጽራቸውን አወለቁና በሽተኛው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። አገጫቸውን መደገፊያው ላይ አስቀመጡ፣ ግንባራቸውን በማጉያው ፊት ባለው ቀበቶ ላይ ደገፉ፤ ልጅቷን በራሳቸው ወንበር እንድትቀመጥ አዘዟት። ተማሪዎቹ ሕመማቸውን የሰሙት ያኔ ነው። አንዱ ይቅርብዎ ሊላቸው ሞከረ፤ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

ልጅቷ ብርሃኑን አጠበበች። እሳቸው ከዚያ ወንበር ሆነው፣ ጨረሩን ትንሽ ወደ ጎን እንድታጋድል፣ መብራቱን እንድትጨምር፣ እንዳትቸኩል ይመሯታል። ክፍሉ ጨልሟል፤ የሚታየው የእሳቸው ዓይንና እሱ ላይ ያረፈው ቀጭን ብርሃን ብቻ ነው። ብዙ ቆየች።

"አየኋቸው" አለች። "ዶክተር፣ ይንቀሳቀሳሉ።"

ዶክተር አሰግድ አገጫቸውን ከመደገፊያው ሳያነሡ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ "ጎረቤቶቼን ሰላም በይልኝ" አሏት።